ትንሿ የኪሮሽ ቢራቢሮ ክንፏ አልቆም አለ፣ የምታውቁ እስቲ እርዱኝ

ፍሬ_ክር (አዲስ አበባ) · ነሐሴ 8

ሰላም ለሁላችሁ፣ ለእንቁጣጣሽ የሚሆኑ ትናንሽ የኪሮሽ ቢራቢሮዎች እየሰራሁ ነው፣ ለመጋረጃ ማሰሪያ፣ ለልጆች የፀጉር መያዣ፣ ስጦታ ላይ መለጠፊያ ምናምን የሚሆኑ፣ ስፋታቸው ከአምስት ስድስት ሴንቲ አይበልጥም። አሰራሩን ዩቲዩብ ላይ ነው ያየሁት፣ ክብ ትሰሪያለሽ፣ ለሁለት ታጥፊዋለሽ፣ መሀሉን በክር ትጠመጥሚዋለሽ፣ አለቀ። ክቡ በጣም ቆንጆ ሆኖ ነው የሚወጣልኝ፣ ጣጣው ከታጠፈ በኋላ ነው። የላይኛው ክንፍ ወደ ፊት ይደፋል፣ የታችኛው ይጨማደዳል፣ ከሩቅ ሲያዩት የስጦታ ሪቫን ነው የሚመስለው። ቪዲዮው ላይ ያለችው ልጅ ግን የሷ ክንፎች ቀጥ ብለው ነው የቆሙት።

ስታርች (ማድረቂያ) አድርጋው ይሆን? ወይስ የክሩ ጉዳይ ነው? ጳጉሜ ሳይገባ ብዙ መስራት ስለምፈልግ በደንብ አስረዱኝ፣ ረጅም አድርጋችሁ ብትፅፉም ሁሉንም አነባለሁ።

ቤቲ ዳንቴል (አዳማ)

ፍሬ እንኳን መጣሽ። ከመመለሴ በፊት ሶስት ነገር ንገሪኝ፣ ክሩ ጥጥ ነው ወይስ አክሪሊክ (ሰው ሰራሽ ክር)፣ መርፌሽ ስንት ቁጥር ነው (ብረቱ ላይ በሚሊሜትር ተፅፏል)፣ ሁለተኛው ዙር ላይ ደግሞ በየቀዳዳው ምን ምን ነው የምትሰሪው?

ብዙ ሰው ክንፍ አልቆም ሲል ወዲያው ስታርች ይላል፣ እኔ በዚህ አልስማማም። ስታርች ያለውን ቅርፅ ነው የሚያደርቀው፣ የሌለውን አያመጣም። ቢራቢሮዋ ሳትነከር በፊት ራሱ ጠረጴዛ ላይ ስትቀመጥ ቢራቢሮ መምሰል አለባት።

ፍሬ_ክር

አመሰግናለሁ ቤቲዬ። ክሩን መርካቶ ነው የገዛሁት፣ ወረቀት የለውም፣ ሻጩ ጥጥ ነው አለኝ ግን ትንሽ ያብረቀርቃል። መርፌው 3.5 ነው። ሁለተኛው ዙር ላይ በየቀዳዳው ስድስት ስድስት ደብል (ክሩን አንዴ ጠምጥሞ የሚሰራው ስፌት) ነው፣ ስምንቱም ቀዳዳ ላይ እኩል።

ማሂ_ሜሪላንድ

ወረቀት የሌለው ክር ከሆነ በእሳት ፈትኚው፣ ትንሽ ቁራጭ ክር ቆርጠሽ በወረንጦ ይዘሽ ውሃ ያለበት ሳህን ላይ ሆነሽ ለኩሺው። ጥጥ ከሆነ ቶሎ ይቀጣጠልና ወረቀት ሲቃጠል የሚሸተውን ይሸታል፣ አመዱ ግራጫ ነው፣ በጣት ሲነኩት ይበናል። አክሪሊክ ከሆነ ደግሞ ይቀልጣል፣ ጫፉ ላይ ጥቁር ጠንካራ ጠጠር ይሰራል (ሳይቀዘቅዝ አትንኪው፣ ያቃጥላል)። ይሄን ማወቅሽ የሚጠቅመው በኋላ ለማስተካከል ስትሞክሪ ነው፣ ጥጥን እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጎ መተኮስ ይቻላል፣ አክሪሊክን ግን ካውያ አታስነኪው። አንዴ ሙቀት ካገኘው ይልፈሰፈስና ወደ ድሮው አይመለስም፣ ክንፍ የሚባል ነገር አይቆምለትም።

እኛ ጋ አሜሪካ ክሩ ወረቀት ላይ ከ0 እስከ 7 ቁጥር አለው፣ 0 በጣም ቀጭኑ የዳንቴል ክር ነው 7 ደግሞ በጣም ወፍራሙ። ለእንዲህ አይነት ትንሽ ነገር ከ2 በላይ አልወጣም፣ 4 ቁጥር ለብርድ ልብስና ለኮፍያ ነው የሚሆነው፣ ቢራቢሮ ላይ ሲገባ ያብጣል።

ደግሞ ቪዲዮዋ የእንግሊዝ ትሁን የአሜሪካ እዪ። አሜሪካኖቹ ደብል የሚሉትን እንግሊዞቹ ትሬብል ይሉታል፣ የአሜሪካው ሲንግል ደግሞ የእንግሊዝ ደብል ነው፣ ስለዚህ ስሙን ትተሽ እጇን ተከተይ። ክሩን መርፌው ላይ ሳትጠመጥም ከገባች ሲንግል ነው፣ አንዴ ጠምጥማ ከገባችና መርፌው ላይ ሶስት ቀለበት ይዛ ሁለት ሁለቱን ሁለት ጊዜ ካሳለፈች የአሜሪካ ደብል ነው፣ ሁለቴ ጠምጥማ ከገባች ትሬብል ነው። እዚህ ገፅ ላይ ሁላችንም በአሜሪካው እንፃፍ፣ ካለዛ እንደናገራለን።

አስካለ የዱሮዋ

ልጆቼ ሰላም እደሩ። ልጄ ናት ስልኩን የሰጠችኝ፣ የምታወሩትን ሳነብ ደስ ብሎኝ ነው። እኛ ተማሪ ሆነን የእጅ ስራ የሚባል ክፍለ ጊዜ ነበረን፣ ጥልፍና ዳንቴል እዚያ ነው የተማርነው፣ ከዚያ ለሬዲዮኑም ለሶፋውም ለፍሪጁም ለረከቦቱም ዳንቴል እየሰራን ነው ያደግነው፣ አሁን እንደገና ወጣቶች መርፌ ሲያነሱ ማየቴ ትልቅ ደስታ ነው።

ፍሬ ልጄ፣ የክርሽን አያያዝ ተመልከቺ። ክሩ ከጥቅሉ ሲመጣ ትንሿ ጣት ላይ አንዴ ይዞራል፣ ከዚያ በመሀሎቹ ጣቶች ስር ያልፍና ሌባ ጣት ላይ ይወጣል። ትንሿ ጣት ትይዛለች፣ ሌባ ጣት ትለቃለች። ክሩ ዝም ብሎ መዳፍ ውስጥ ከተያዘ አንዱ ስፌት ጠበቅ ሌላው ላላ ይላል፣ ትልቅ ዳንቴል ላይ ብዙም አይታወቅም፣ በትንሽ ነገር ላይ ግን አንዱ ክንፍ ትልቅ አንዱ ትንሽ ሆኖ ይወጣል።

ማድረቂያውን ካነሳችሁ እኛ በስኳር ነበር የምናደርቀው። ሁለት ስኒ ስኳር በአንድ ስኒ ውሃ፣ ለብ እያለ ስኳሩ እስኪሟሟ ማማሰል፣ እንዳይፈላ። ከፈላ ቀለሙ ይቀላና ነጩን ዳንቴል ያበላሻል። ሲቀዘቅዝ ዳንቴሉን ነክሮ ጨመቅ አድርጎ ጎድጓዳ ሳህን ላይ ገልብጦ ማድረቅ፣ እንደ ድንጋይ ነው የሚሆነው። ግን በክረምት አይሞከርም። አየሩ እርጥብ ስለሆነ ስኳሩ ውሃ ይስብና ይጣበቃል፣ ከዚያ ጉንዳን ይሰፍርበታል። ስኳሩን ለጥቅምት አቆይው።

ሀያት (ዱባይ)

እማማ አስካለ እጅዎ ይባረክ፣ የክር አያያዙን አሁን ሞከርኩት፣ ጣቴ እስኪለምደው ነው እንጂ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል። ስኳሩን በተመለከተ ያሉት ልክ ነው፣ እኔ ያለሁበት ዱባይ የባህር ጠረፍ ስለሆነ በሙቀቱ ወራት አየሩ እርጥብ ነው፣ ውጪ በረንዳ ላይ የተሰቀለ በስኳር የደረቀ ነገር ሁሉ ይልሰለሳል።

እኔ የምጠቀመው ነጩን ፈሳሽ ሙጫ ነው፣ የተማሪዎች የእጅ ስራ ላይ የሚያገለግለውን፣ ሲደርቅ ቀለም አልባ የሚሆነውን። ሙጫና ውሃ እኩል በእኩል ትበጠብጪያለሽ፣ ቢራቢሮዋን ሙሉ በሙሉ ትነክሪያታለሽ፣ በፎጣ መሀል አድርገሽ ትጫኛታለሽ (አትጠምዝዣት)፣ ከዛ ስፖንጁን በፌስታል ሸፍነሽ እሱ ላይ በስፒል ትወጥሪያታለሽ። ፌስታሉ ከሌለ ሙጫው ስፖንጁ ላይ ተጣብቆ ይደርቃል። ስፒሉ ደግሞ የማይዝግ ይሁን፣ ውሃ ስለሚያገኘው ርካሹ ሌሊቱን ይዝግና ክንፉ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ይተዋል፣ ያ ደግሞ በቀላሉ አይለቅም። ሌሊቱን ማደር አለባት። ክንፉ ትንሽ ከፍ እንዲል ከፈለግሽ ከስሩ የተጠቀለለ ፌስታል ወይም የጠርሙስ ክዳን አድርጊለት፣ እንደዛ ሆኖ ነው የሚደርቀው።

አንድ ነገር ግን፣ ሙጫው ሲበዛ በስፌቱ ቀዳዳዎች ውስጥ ቆዳ ሰርቶ ይቀራል፣ በብርሃን ሲታይ ያስጠላል። ገና እርጥብ እያለ በገለባ እፍ እያልሽ ክፈቻቸው።

ቤቲ ዳንቴል

እሺ ፍሬ አሁን ጉዳዩ ገባኝ፣ ቁጭ ብዬ ልፃፍልሽ። ሶስት ነገር ነው ተደራርቦ ያለው፣ ስምንቱም ቅጠል (በአንድ ቀዳዳ ውስጥ ያሉት ስፌቶች) እኩል ነው፣ በቅጠልና በቅጠል መሀል የሚለይ ነገር የለም፣ አጠማጠሙም ሳይጠብቅ አይቀርም። ስድስት ደብል ዝም ብሎ አንድ ቀዳዳ ውስጥ ሲገባ ክብ ጠርዝ ነው የሚሰጥሽ፣ ጫፍ የለውም፣ ጫፍ የሌለው ነገር ደግሞ ሲታጠፍ ሪቫን ነው የሚሆነው።

እኔ እንዲህ ነው የምሰራው። መርፌውን መጀመሪያ ወደ 2.5 ወይ 3 አውርጂው፣ በዛው ክር። ስፌቱ ጠበቅ ሲል ክንፉ በራሱ አጥንት ያወጣል። ስድስት ቼን (ሰንሰለት) ሰርተሽ በስሊፕ ስቲች (ጫፍ ከጫፍ በሚያገናኘው አጭር ስፌት) ቀለበት አድርጊው፣ ማጂክ ሪንግ (ክሩ ሲሳብ የሚጠበው ቀለበት) የምትችይ ከሆነ እሱም ይሆናል ግን መሀሉ ጭራሽ እንዳይዘጋ፣ በኋላ ትፈልጊዋለሽ። አንደኛው ዙር፣ ሶስት ቼን (እንደ አንድ ደብል ይቆጠራል)፣ አንድ ደብል፣ ሶስት ቼን፣ ከዛ ሁለት ደብል ሶስት ቼን ሁለት ደብል ሶስት ቼን እያልሽ እስከ መጨረሻው፣ ስምንት ጥንድ ደብልና ስምንት ቀዳዳ ነው የሚኖርሽ፣ ቁጠሪው። በስሊፕ ዝጊ።

ሁለተኛው ዙር ላይ ነው ቢራቢሮዋ የምትወለደው። በስሊፕ ወደ መጀመሪያው ቀዳዳ ግቢ። በየቀዳዳው ሶስት ስፌት (የቱ ስፌት እንደሆነ ከታች እነግርሻለሁ)፣ ከዛ ሁለት ቼን፣ ከዛ እንደገና ሶስት ስፌት ትሰሪያለሽ፣ መሀል ያለችው ሁለት ቼን ናት የክንፉን ሹል ጫፍ የምታወጣው። ቅጠሉ ሲያልቅ ወደሚቀጥለው ቀዳዳ ከመግባትሽ በፊት ከስር ባለው ጥንድ ደብል መሀል አንድ ሲንግል ጣይ፣ እሷ ቅጠሉን ወደ ታች ጎትታ ትለየዋለች።

አሁን ዋናው፣ ሶስቱ ምን ይሁኑ የሚለው። ቅጠሎቹን ከ1 እስከ 8 ቁጠሪያቸው። 1፣ 4፣ 5 እና 8ን በትሬብል ስሪያቸው (1ኛው ላይ መነሻው አራት ቼን ይሁን፣ እንደ አንድ ትሬብል ይቆጠራል)፣ 2፣ 3፣ 6 እና 7ን በደብል። ለምን ካልሽ፣ ክቡ ሲያልቅ የምትታጠፈው በ8 እና በ1 መሀል ካለው ሲንግል ተነስቶ በ4 እና በ5 መሀል ባለው ሲንግል በኩል ነው። እንደዛ ስታጥፊው 1 እና 8 ይደራረባሉ፣ 4 እና 5 ይደራረባሉ፣ እነዚህ ከማጠፊያው ጎን ስለሆኑ የላይኛው ክንፍ ይሆናሉ። 2 ከ7 ጋር 3 ከ6 ጋር ሆነው የታችኛው ክንፍ ናቸው። ረጅሙ ስፌት ላይ ያለው ክንፍ ስለሚረዝም ላይኛው ትልቅ ታችኛው ትንሽ ይሆናል፣ አለቀ፣ ቢራቢሮ።

ስታጥፊ ደግሞ እኩል አትጠፊው። የኋላው ግማሽ ከፊተኛው ግማሽ ሴንቲ ያህል ከፍ ይበል። እኩል ከታጠፈ የፊተኛው ክብደት የኋላውን ይዞት ይወርዳል፣ ያንቺ የላይኛው ክንፍ የሚደፋው ለዛ ይመስለኛል።

ፍሬ_ክር

ኧረ ቤቲ ተባረኪ!! 1፣ 4፣ 5፣ 8 የሚለውን ወረቀት ላይ ክብ ስዬ አጥፌ አየሁት፣ በትክክል ይገጥማል። አጠማጠሙንስ? እኔ ክሩን እስኪከር ድረስ ነው የምስበው፣ እንዳይፈታ ብዬ።

ቤቲ ዳንቴል

የታችኛውን የሚያጨማድደው እሱ ነው። ክሩ ከማጠፊያው መሀል ተነስቶ በ2 እና 3 መሀል ባለው ሲንግል በኩል ዞሮ ይመለሳል፣ አራት አምስት ዙር ይበቃል፣ ጨርቁ ሰብሰብ እስኪል ብቻ። እንዳይፈታ የሚይዘው ጥበቃው አይደለም ቋጠሮው ነው፣ ላይ አናቱ ጋ ሁለት ጊዜ ቋጥሪው፣ የቀሩት ሁለት ጫፎች አንቴና ይሆናሉ። ከዛ በስፌት መርፌ ከጀርባ በኩል የፊቱንና የኋላውን ክንፍ ከሰውነቱ አጠገብ በአንዲት ስፌት ያዣቸው፣ በሁለቱም ጎን። ከፊት አትታይም፣ ክንፉን ግን ዕድሜ ልኩን ይዛው ትኖራለች።

ዮናስ_ተፈጥሮ (ባህር ዳር)

እህቶቼ እኔ ኪሮሽ አልሰራም፣ ባለቤቴ ናት የምትሰራው፣ ግን ባዮሎጂ አስተምራለሁና ስለ ቢራቢሮዋ ራሷ አንድ ሁለት ነገር ልጨምር፣ ለእናንተ ስራ ይጠቅማል ብዬ ነው።

ቢራቢሮ አራት ክንፍ ነው ያላት፣ የፊተኛው ጥንድ የኋለኛውን በከፊል ይሸፍነዋል፣ ስለዚህ የላይኛው ክንፍ ከታችኛው በላይ ተደርቦ ቢታይ ተፈጥሯዊ ነው። አራቱም የሚነሱት ከደረቷ ነው፣ ሆዷ ከክንፎቹ ስር ነፃ ሆኖ ወደ ታች ይወርዳል፣ በኪሮሽ የተሰሩት ላይ ግን ብዙ ጊዜ ሆድ የሚባል ነገር አይታይም። ባለቤቴ ከነገርኳት ወዲህ በጥቁር ክር አጭር ቼን ሰርታ በላዩ በስሊፕ ተመልሳ መሀሉ ላይ ትሰፋዋለች፣ ጫፉ ከክንፉ ስር ትንሽ ወጣ ይላል፣ በጣም ያምራል።

አንቴናው ደግሞ ጫፉ ላይ ድብልብል አለው። የቢራቢሮ አንቴና እንደዛ ነው፣ የእሳት እራት ግን ወይ ክር የመሰለ ወይ ላባ የመሰለ ነው። ስለዚህ አንቴናውን ከመቁረጣችሁ በፊት ጫፉ ላይ አንድ ቋጠሮ አድርጉበት፣ ትንሽ ናት ግን ሰው ሳያውቀው ዓይኑ ያያታል።

ቀለምም የሚመርጥ ካለ አገራችን ያሉትን ብትሰሩ ደስ ይለኛል። ብርቱካናማ መደብ ያላት፣ ጠርዟ ጥቁር፣ የላይኛው ክንፍ ጫፍ ላይ ያለው ጥቁር ውስጥ ነጭ ነጠብጣብ ያለባት አለች፣ የአፍሪካ ሞናርክ ትባላለች፣ ሜዳ ላይ በየቦታው ታገኟታላችሁ። ሌላዋ ጥቁር ሆና ፈዛዛ ቢጫ ነጠብጣብ የሞላባት ትልቋ ናት፣ የኋላ ክንፏ ላይ ዓይን የመሰለ ቀይና ሰማያዊ ምልክት አላት፣ አባጨጓሬዋ ሎሚና ብርቱካን ቅጠል ላይ ነው የሚያድገው፣ ግቢያችሁ ሎሚ ካለ አይታችኋት ይሆናል።

ማሂ_ሜሪላንድ

ወንድሜ ዮናስ የአንቴናው ቋጠሮ ነገር በጣም ነው የገረመኝ፣ እስከዛሬ ዝም ብዬ ነበር የምቆርጠው። ብርቱካናማዋን እንዲህ እሰራታለሁ፣ ሁለቱም ዙር በብርቱካናማ፣ ከዛ ሶስተኛ ዙር በጥቁር ሲንግል ጠርዙን ብቻ መዞር፣ ጫፉ ላይ ያለው ሁለት ቼን ውስጥ ሶስት ሲንግል መስራት (አንድ ብቻ ከሆነ ጫፉ ይታጠፋል)፣ ነጠብጣቡን በኋላ በነጭ ክር በፍሬንች ኖት (በጥልፍ ቋጠሮ)። ሶስተኛ ዙር ሲጨመር መጠኑ ያድጋልና ፍሬ ቀጭን ክር ብትጠቀሚ ይሻላል። 10 ቁጥር የዳንቴል ጥጥ (ይሄ ቁጥር ቅድም ካልኩት ከ0 እስከ 7 የተለየ ነው) ካገኘሽ ከ1.5 ሚሊ መርፌ ጋር እንደ ጆሮ ጌጥ የምትሆን ነው የምትወጣው።

ሰላም (ሀዋሳ)

እኔ እንደዚህ አይነት ነገር እየሰራሁ እሸጣለሁ፣ ስለ ልጆች የፀጉር መያዣ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ትንንሽ ልጆች ላይ የሚውል ከሆነ ዶቃ አትስፉበት፣ ሽቦም አንቴናው ውስጥ አታስገቡ። ህፃን ልጅ ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ ነው የሚከተው፣ ዶቃ ደግሞ ክሩ ሲሳሳ ይወልቃል። ገዢ ዶቃ ይኑረው ሲለኝ ለስንት ዓመት ልጅ ነው ብዬ እጠይቃለሁ፣ ከሶስት ዓመት በታች ከሆነ አልሰራም፣ ገዢውም ቢሄድ ይሂድ። ዓይንና ነጠብጣብ በጥልፍ ይሰራል፣ ያው ነው።

ሁለተኛው የዋጋ ጉዳይ ነው፣ ርዕሱ ባይሆንም ፍሬ ለመሸጥም ካሰብሽ ብዬ ነው። ሰዎች ትንሽ ስለሆነች የክሯን ብቻ አስበው ነው ዋጋ የሚጠሩት፣ ክሩ እኮ ምንም ማለት አይደለም፣ የሚያደክመው ማጠፉ፣ መጠምጠሙ፣ ጫፍ መደበቁ፣ መወጠሩ ነው። ሹራብ በማሽን ይሰራል፣ ገበያ ላይ የምታዩት የኪሮሽ ስራ ግን የሰው እጅ ነው የነካው፣ ይሄን ለገዢ ፊት ለፊት መናገር ያስፈልጋል። ገዢ ተወደደ ስላለ ብቻ መርከስ የለበትም።

ፍሬ_ክር

ሰላምዬ ለጊዜው ለመሸጥ አላሰብኩም፣ ግን ጎረቤቶቼ አብረን እንስራ እያሉኝ ነው፣ ሶስት ሴቶች ነን ቡና ላይ የምንገናኘው። ሁላችንም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከምንሰራ ብንከፋፈልስ?

ማሂ_ሜሪላንድ

በጣም ጥሩ ሀሳብ ነው። የአየርላንድ ዳንቴል እኮ እንደዛ ነው ያደገው፣ በፈረንጆቹ 1840ዎቹ ድንቹ በበሽታ ተበላሽቶ ያ ትልቅ ረሃብ ሲመጣ ገዳማት ውስጥ ያሉ መነኮሳት ሴቶቹን ኪሮሽ ያስተምሩ ነበር፣ ብዙ ቤተሰብ ከዛ በሚገኘው ገንዘብ ነው የኖረው። አንዷ ፅጌረዳ ብቻ፣ አንዷ ቅጠል ብቻ ትሰራለች፣ ከዛ ሌላዋ ሁሉንም በመረብ ታገናኘዋለች። አንድ ነገር ደጋግሞ የሰራ እጅ ይፈጥናል፣ ስፌቱም አንድ ወጥ ይሆናል። እናንተም ከመካከላችሁ ስፌቷ እኩል የሆነው ክቡን ትስራ፣ ትዕግስት ያላት ትጠምጥም፣ ሌላዋ ትወጥር። ግን ክቡን ሁለት ሰው ከሰራው መጠኑ አይገጥምም፣ በአንድ መርፌና በአንድ ክር ራሱ የሰው እጅ ይለያያል፣ ስለዚህ ለመጋረጃ ጥንድ የምትሆነውን አንድ ሰው ይስራት።

አስካለ የዱሮዋ

ማሂ ልጄ እውነት ነው። እኔና እህቴ አንድ አልጋ ልብስ ለሁለት ስንሰራ የሷ ግማሽ ሰፍቶ የኔ ጠቦ ነበር፣ እናታችን በኋላ እህቴን ቀጭን መርፌ አስያዘቻትና ተስተካከለ። መርፌ መቀየር ነው እንጂ እጅን አስገድዶ ማጥበቅ አይሆንም፣ ያደክማል፣ ትከሻም ያሳምማል። እረፍትም ውሰዱ፣ መብራት ጥሩ ካልሆነ ጥቁር ክር አትስሩ።

ፍሬ_ክር · ነሐሴ 14

ቤቲ ባለችው መንገድ ሰራሁት። ክሩን መጀመሪያ በእሳት ፈተንኩት፣ ጥቁር ጠጠር ነው የሰራው፣ አክሪሊክ ነው ማለት ነው፣ ስለዚህ ሌላ ጥጥ ገዛሁ፣ ቢጫ ለአደይ ቀለም ብዬ፣ መርፌውን 2.5 አደረግኩት። 1፣ 4፣ 5፣ 8 በትሬብል፣ ሌላው በደብል፣ መሀል መሀሉ ሲንግል። ሳልነክራት በፊት ራሱ የላይኛው ክንፍ ቆመ!! የኋላውን ከፍ አድርጌ አጠፍኩት፣ ከጀርባ ያለችዋን አንዲት ስፌትም አደረግኩ፣ አሁን ብነቀንቃትም አትደፋም። የዮናስን ጥቁር ሆድ ጨመርኩበት፣ አንቴናው ጫፍ ላይ ቋጠሮ አለ። ፎቶ ለጥፌያለሁ፣ በግራ የድሮው በቀኝ የአሁኑ ነው፣ እዩት እስቲ።

ከዛ በሀያት ሙጫ ነከርኳት። ሌሊቱን አልደረቀችም፣ ዝናቡ ስላላቆመ ይመስለኛል፣ ሌላ ቀን ጨመርኩላት፣ አሁን ደርቃለች።

ሀያት (ዱባይ)

ማሻአላህ እንዴት ታምራለች! ቢጫው ላይ ጥቁሩ ሆድ በጣም ነው የወጣው። በክረምት ከሆነ ሙጫውን ትንሽ ወፍራም አድርጊው፣ ሁለት እጅ ሙጫ አንድ እጅ ውሃ፣ ቶሎ ይደርቃል፣ ጥንካሬውም ይጨምራል። ለፀጉር የሚሆነውን ግን ቀጭኑን ተጠቀሚ፣ በጣም ከደረቀ ልጆቹ ሲተኙ ይወጋቸዋል።

ቤቲ ዳንቴል

ፍሬ ተሳካልሽ! ፎቶውን አጉልቼ አየሁት፣ የአዲሷ የግራ ክንፍ ጫፍ ከቀኝ ክንፏ ትንሽ ክብ ብሏል፣ ያንን ጫፍ ስትወጥሪ ስፒሉን በቼኗ መሀል ሳይሆን በጫፏ በኩል አውጪው፣ ሹል ይሆናል። ሌላው ሁሉ ጥሩ ነው።

ሩት_አዲስ

ሁሉንም አነበብኩት፣ ዛሬ ማታ እጀምራለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ፣ መጋረጃ ላይ ያለው አቧራ ይይዛል፣ በሙጫ የደረቀ ነገር ይታጠባል?

ሀያት (ዱባይ)

ይታጠባል ሩትዬ፣ ግን ሙጫው በውሃ ይለሰልሳል፣ ብዙ ከቆየ ይወጣል። አቧራ ብቻ ከሆነ በደረቅ የቀለም ብሩሽ ጥረጊው። እድፍ ከያዘው በለብታ ውሃና በትንሽ ሳሙና ነክረሽ ሙጫው እስኪለቅ ተዪው፣ በእጅሽ ጫን ጫን አድርጊው እንጂ አትሺው፣ ካለቀለቅሽ በኋላ እንደገና ነክረሽ እንደገና ወጥሪው። ጥጥ ከሆነ ምንም አይሆንም። ጥቁሩ ክር ቀለም የሚለቅ መሆን አለመሆኑን ግን አስቀድመሽ እርጥብ ነጭ ጨርቅ ላይ አሻሽተሽ እዪ፣ ቢጫው ላይ ከለቀቀ አይመለስም።

ሩት_አዲስ

እሺ፣ ክሩን ማታ ከመጀመሬ በፊት እፈትነዋለሁ። አመሰግናለሁ ሁላችሁንም።